ሐይቁ ሳሎን ይግባ

«ሐይቁን ሳሎኔ ድረስ አምጡልኝ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር፣
ጣታቸውን ወረቀቴ ላይ ጎትተው፣ ከሶፋው እስከ ውኃው ዳር።
እኔም አመጣሁት። በእርሳስ ምን ይከብዳል፤
ላጲስ ሲያልፍበት ግድግዳም ይሄዳል።

ቦታው ከሽንብጥ ወዲያ ነው፣ ደንገሉ ካለቀበት፣
አንድ ዋንዛ ብቻውን ነጭ አበባ ከሚያረግፍበት።
ዋንዛውን አልቆረጥንም። ይህን ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ፦
ጣሪያውን በስቼ፣ ግንዱን በረንዳ ላይ አስገብቼ፣
ለሥሩ ስል መሠረቱን ሁለት ክንድ አሽሽቼ፣
ጥቁር ድንጋዩን ከዚያው ከመሬቱ አስወጥቼ፣
ሲሚንቶው እንዳይታይ አፉን በጭቃ ቀብቼ፤
ቤት ሠራሁ አላልሁም፤
ዳር አበቀልሁ አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

መስታወቱ ተጭኖ የመጣ ቀን
አራት ሰው ሰማይ ተሸክሞ ከመኪና ሲወርድ
ግንበኛው አንማው መዶሻውን አስቀምጦ ዓይኑን በክንዱ ጋረደ።
«ኢንጅነር፣ ይኼ ግድግዳ ነው ወይስ በር?»
«ሁለቱንም አይደለም» አልሁት።
«እንግዲያ ውሸት ነው» ብሎ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።
ሳቅሁ።
ያ ሳቅ አሁን ሳስበው ይጎረብጠኛል።

ቤቱ በጥቅምት ተመረቀ። ጣና ሞልቶ፣
ከደረጃው ሦስት እርምጃ ዝቅ ብሎ ተኝቶ፣
ክብራን እንደ ሥዕል በመስታወቱ ተሰቅላ፣
ታንኳ በቴሌቪዥኑ አናት ላይ ሲያልፍ፣
እንግዳው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ
«ሐይቁ ገባ!» አለ።
ገባ።

ለወፍም ገባ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደወሉልኝ፣
ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «መጥተህ እይልኝ።»
ከበረንዳው ድንጋይ ላይ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ወፍ፤
ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ምንቃሯ ቀይ፣ እፍኝ አትሞላም።
መስታወቱ ላይ ደግሞ ትቢያዋ ቀርቷል፦
የተዘረጋ ክንፍ፣ ላባ በላባ ተቆጥሮ፣
እኔ በስንት ዓመት ትምህርት እንዲያ መንደፍ አልቻልሁም።
ውኃ አይታ ነበር።
ዋንዛ ያለበት፣ ደመና ያለበት፣
ዓሣ ብቻ የጎደለበት።
እሳቸው ሐይቁን ከሳሎን አዩት፤
እሷ ሳሎኑን ከሐይቅ።
ቤቱን በአራት ፊት ሥዬው ነበር፤
እሷ የምትመጣበትን ግን አልሣልሁም።

ከአጥሩ ማዶ እንድሪስ የሚባል ሽማግሌ ታንኳ ይሰፋል፤
የገዛ ጎጆው ደንገል ነው፤ ንፋስ ሲመጣ ያሳልፋል፣
ዝናብ ሲመጣ ያብጥና ይዘጋል።
አንማው ነው የወሰደኝ። ጫማዬን ጭቃው ዋጠው።
እጁን ከሥራው ሳያነሳ ሰማኝ።
«ወፍ ደንገልን ታውቃለች» አለ፣
«የት እንደሚያሳልፋት፣ የት እንደሚጠብባት።
ቤትህን የምታውቀውን ልብስ አልብሰው።»

በሳምንቱ ሰፍቶ አመጣ፤ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ወለል፣
አንድ አውራ ጣት ክፍት፣ አንድ አውራ ጣት ደንገል።
«በሁለት ዓመት ይበሰብሳል፤ ያኔ ሌላ እሰፋለሁ» አለ፣
ይህም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ቀጠሮ።

ወይዘሮ የውብዳር ተቆጡ። «ሐይቄን ከተፍህብኝ!
የከፈልሁት ለሙሉው ነው!»
እውነታቸውን ነው፤ ደረሰኙ እኔ ዘንድ አለ፣ በካሬ ሜትር።
ሁለት ወር ስልኬን አላነሱም።
የመጨረሻው ክፍያም አልመጣም።

በጥር ልጠይቅ ሄድሁ።
ሶፋውን ትተው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።
«ዝም በል» አሉኝ በእጃቸው።
ማዶ አንድ ታንኳ ያልፋል፤
በደንገሉ መካከል ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ፣ መጣ፤
በመጣ ቁጥር አዲስ ይመስላል።
ከደንገሉ ጠርዝ ላይ ደግሞ
ሰማያዊ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ፤
እሷ ሐይቁን ታያለች፣
እኛ እሷን።

የክንፉ ትቢያ አሁንም መስታወቱ ላይ አለ።
ጥግ ላይ መወልወያ ቆሟል፣ ደርቆ።
ስለ ክፍያው
ሌላ ቀን እጠይቃለሁ።