ቁልቁለቱን ጠይቂያት

አጂፕ መንገድ ዳር ላይ፣ ከዝናቡ በኋላ፣
ሦስት ፒካፕ ደርድሮ ጠበቀኝ ደላላ።

አንዷ ነጭ፣ ባለ ድርብ ጋቢና፣ የወንበሯ ላስቲክ ያልተነሣ፣
በመስታወቷ ያየኋት ሴት ዕዳዬን የምታስረሳ።
«ይቺ ከጎተተች» አለ ሰልማን፣ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፍቶ፣
«ጅሬን ራሱ ይመጣል፣ ከነቤተ መንግሥቱ ተነሥቶ።»

እኔ የምጎትተው ጅሬንን አይደለም።
ሁለት ጎማ ያላት፣ አረንጓዴ ቀለም፣
የበቆሎ መፈልፈያ ናት፤ ከነሞተሯ ሃያ ኩንታል የምትከብድ፣
በመኸር ከሰቃ ሰርቦ፣ ከሰርቦ ዴዶ የምትሄድ፣
ድምፅዋን የሰማ ገበሬ ጆንያ ይዞ የሚሮጥላት፣
አባቴ ሊሞት ሲል ከእኔ ይልቅ አደራ ያለላት።

ሁለተኛዋ ቀይ ናት፤ ስትነሣ ጎረቤት የምትቀሰቅስ።
«የፈረስ ጉልበቷ ስንት ነው?» ብለው፣ «በሬም አለ፣ በቅሎም፣ እንኳን ፈረስ!»
ወረቀት አወጣ ከኪሱ፤ ሦስት ቶን፣ ሦስት ተኩል፣
እንደ ጥሎሽ ቆጠረልኝ፣ በየመሐሉ ሲምል።

ሦስተኛዋን ግን በገላው ጋረዳት፣ እንዳላይ፤
አሮጌ ላንድክሩዘር፣ አንድ ጋቢና፣ ቀለሟ የክረምት ሰማይ፣
በሯ በገመድ የታሰረ፣ ሬዲዮዋ የወለቀ፣
ሊብሬዋ ላይ የስድስት ሰው ስም የደረቀ።
«እሷን ተያት» አለ፣ «የአሸዋ ናት፣ የእንጨት፣
ያገባት ሁሉ የፈታት።»

ወንድሜ ምፍታ አንዷንም አልነካም።
ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አላደነቀም፣ አልተቸም፣ አልለካም።
አምና በኪራይ መኪና፣ ከዴዶ ሲወርድ በካፊያ፣
እንዴት እንደገፋችው ያቺ መፈልፈያ
አንድ ጊዜ ነግሮኛል።
ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

አባ ጨብሳን ጠራሁ፣ ሂርማታ ያሉትን በያጅ፤
ዓይናቸው በብየዳ ያለቀ፣ ጆሯቸው ግን የልጅ።
ኮፈን ክፈቱ አላሉም። ሞተር አስነሡ አላሉም።
ከኋላ ዞረው ተንበረከኩ፣ ጭቃውን በጣት ፈቀፈቁ፣
ባሌስትራ ቆጠሩ፣ ሻንሲውን በመዶሻ፣ እንደ ጎረቤት በር፣ አንኳኩተው ጠየቁ።

«የነጯ ጋንቾ የጆሮ ጌጥ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ነው የተሰካ።
የቀይዋ ሻንሲ ተሰንጥቋል፤ ቀለም ነው የያዘው፣ ያውልሽ፣ ሲነካ።
ሰው ሁሉ ዳገት ያስባል፤ ‹ትጎትታለች ወይ?› ይላል።
ልጄ፣ ዳገት ደግ ነው፤ ካቃተሽ ‹አቃተሽ› ይልሻል።
ቁልቁለት ነው የሚዋሽ። እዚያ ተጎታች ጌታ ይሆናል፣
ፊት የነበረውን ከኋላ ይነዳል።
ሂጂ፣ ቁልቁለቱን ጠይቂያት፤
‹ትችያለሽ?› አትበያት፤
‹ትቆሚያለሽ?› በያት።»

ምፍታ ያን ጊዜ ቀና አለ።

ሰልማን «ካልሞከራችኋት» ብሎ ማለና፣ ነጯ ጅሬንን እንደ ወሬ ወጣችው፤
ስንመለስ ግን መሪዋ እጄ ላይ ቀለለ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቀለችው፣
እኔም ላቤን ጠርጌ ቁልፏን መለስሁለት።

አሮጌዋን ባጃጅ ቀደማት፤ ልጆች በእግራቸው ቀደሟት።
ጢስ ለበስን። ማንም «ጎበዝ» አላላት።
አናቱ ላይ አዙሬ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ለቀቅኋት፤
እያጉረመረመች ወረደች፣ የተቆጣች አክስት ይመስል፣
ሳትሮጥ፣ ሳትዘል።
ግማሹ ላይ ፍሬን ረገጥሁ። ከኋላ አንድ ጊዜ አንኳኳ ያ ሃያ ኩንታል ብረት፣
ከዚያ ዝም። ቆምን። ውሃ ብቻ ነበር የሚወርድ በቁልቁለት።

ጎኔን ሳይ፣ ምፍታ ያቺን አልታዘዝ ያለች እግሩን
ፍሬን በሌለበት በኩል ወለሉ ላይ ተክሏል፣ ይዞ ትንፋሹን።
ጥቂት ቆየ።
ቀስ ብሎ አነሣት።

ሰልማን ኮሚሽኑ ስላነሰ እስከ ዐርብ አኮረፈኝ።
በባለገመዱ በር ዝናቡ ገብቶ ትከሻዬን አራሰኝ።
ሂርማታ ልንደርስ ስንል፣ መንገዱን እያየ፣
ከአምና ወዲህ ስለ መኪና የተናገራት ቃል ይቺ ነበረች፦
«በሩን አስበይጂው።»