መለዋወጫ

ወለሉ ላይ ዘረጋን ያለንን በሙሉ፤
ሁለት ከመነዳሪ፣ ድንኳን ከነችካሉ፣
መንፊያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጥቁር የብረት ድስት፣
ካልሲ ስድስት እግር፣ ዝናብ ቢመጣበት።
እህቴ ሴዚም ደግሞ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ
ትጽፍ ትሰርዛለች፣ ተንበርክካ፣ ተኝታ።

ካራኮል ላይ ሐምሌ ነው፤ አፕሪኮቱ በስሏል፤
ከመስኮቱ ማዶ ግን ተራራው ነጭ ለብሷል።
ዕቅዳችን ቀላል ነው፣ በወረቀት ሲታይ፦
በሚኒባስ እስከ ቶሶር፣ ከዚያ ወደ ላይ፤
ሁለት ቀን ዳገቱን፣ ግማሹን እየገፋን፣
ሦስተኛው ቁልቁለት፣ ፍሬኑ ካልከዳን።
የማለፊያው ከፍታ ለአራት ሺህ ሜትር መቶ ፈሪ፤
መቶው የተራራው ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ ፈሪ።

አባታችን ቶክቶሱን ሹፌር ነበር ድሮ፤
ሠላሳ ዓመት ከሰል ጭኖ፣ በዚያ መንገድ አሮ።
የስልኬን ካርታ በአንድ ዐይኑ አየና ሳቀ፤
"ይህ ዕቃ መቼ ነው መንገዱን ያወቀ?"
ጠረጴዛውን በክንዱ ጠርጎ ጀመረ፤
ድፍት ሳህን ተራራ፣ ማንኪያው ወንዝ ነበረ።
"የዳቦ ፍርፋሪው የእረኞች ሰፈር ነው፤
ውሻ አላቸው፤ ውረዱ፤ በእግር ነው የሚታለፈው።"
በሦስት አንኳር ስኳር ሦስት ድልድይ ሠራ፤
አንዱን "ደህና ነው" አለ፣ አንዱን "በተራ በተራ"፤
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጥቂት አሰበና
"ይሄን ጎርፍ ወስዶታል" አለ፣ አነሣና
ሻዩ ውስጥ ጨመረው፤ አማሰለው፤ ጠጣው።
ሴዚም ቀና ብላ፦ "ታዲያ በምን እንለፈው?"
"በጠዋት ውሃው ቀጭን ነው፣ በረዶው ሳይቀልጥ፤
ብስክሌቱን በትከሻ፤ ድንጋይ መርጦ መርገጥ።"

ከዚያ ሚዛን ተዋስን ከጎረቤት ከቡርማካን፣
በግ የምትመዝንበት፤ ከአፕሪኮቱ ሰቀልን።
ቦርሳዬ ተንጠለጠለ፣ ሙክት መሰለ የታረደ፤
ሃያ አንድ ኪሎ ሲል ልቤ አብሮት ወረደ።
ቅነሳው ተጀመረ ከጥርስ ብሩሽ፣ ከፎጣ፤
ያኛው እጀታው ተቆረጠ፣ ይኸኛው ግማሹ ወጣ።
መስታወትም ይቅር፤ ፊቴን የሚያይ የለም፤
ፍልፈል ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ አይፈርድም።
ሴዚም ወፍራም ልቦለዷን በካልሲ ሸፍና
"መድኃኒት ነው" አለችኝ፤ ዝም አልኩ፣ መች አጣሁትና።
ስንቁ ግን አልተነካም፦ ኩሩት፣ ጨው የበዛበት፣
እንደ ጠጠር የደረቀ፣ ጥርስ የሚፈተንበት፤
ሦስት ክብ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ለውዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፤
"ዳገት" ይላል አባባ፣ "የራበውን ሰው ያውቃል።"

ማታ፣ ሁሉ ተጭኖ፣ ሚዛኑ አሥራ አራት ሲል፣
አባባ አንድ መፍቻ አመጣ፣ ክንድ የሚያህል፤
የጭነት መኪናው ነው፣ ዝገት የጀመረው።
"በኛ ቡሎን አይገባም" አልኩት፤ ዝም ብሎ ተቀበለው።
ያ እጅ ባዶውን ሆኖ መሰናበት አያውቅም።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ሰንሰለቱ ዘይት ጠጣ፤
ጎማውን በአውራ ጣት ተጫንኩት፤ ሚኒባሱ መጣ።
ሹፌሩ ብስክሌቶቹን ጣራው ላይ ጠፈረ፤
አባባ ወጥቶ ፈታና እንደገና አሰረ።
"ሂዱ" አለን፣ ጀርባውን ሰጥቶ፤ የግቢውን በር ሲዘጋ
ማጠፊያው ጮኸ፤ ዘይቱን ለኛ ጨርሶ ነበርና።

ሐይቁ በቀኛችን ገና እንቅልፍ ላይ እያለ
የጃኬቴን ኪስ ዳሰስኩ፤ ጠንካራ ነገር አለ።
በጋዜጣ ቅዳጅ ተጠቅልሎ፣ አንድ አንኳር ስኳር፤
ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ በሹፌር እጅ የተጫረ ነገር፦
"ሦስተኛው ድልድይ። መለዋወጫ።"

ሴዚም ዐይኗን ሳትገልጥ "ምንድን ነው?" አለችኝ።
"ትርፍ ዕቃ" አልኳት፤
ኪሴንም ዘጋሁት፣ ዝናብ እንዳይነካው።