ሐረጎን ያለ ሞተር

ከዶሮ ቤት አወጣናት፣ እኔ ከፊት ስቤ፣ አንዋር ከኋላ ገፍቶ፤
ጎማዋ መሬት ነክሶ፣ ፍሬኗ ዝጎ፣ ተጣብቆ ቀርቶ።
ባውዛዋ ውስጥ እንቁላል አለ፤ ሦስት፤ አንዱ የተሰነጠቀ።
«ይቺ ዶሮ የኪራይ ውል ሳይኖራት አይቀርም» አለና አንዋር ሳቀ፤
በእጅጌዬ ስጠርገው ከሰልባትዮው ላይ አቧራው ለቀቀ፤
ቀይ ነበረች። ለካ ቀይ ነበረች።

አባቴ ሙሄ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፣
ደሴ ላይ፣ ከሆጤ እስከ ሸዋ በር።
የሰው ቤት መብራት ስንት እንደበላ ሲጽፍ ውሎ
ማታ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ጉሙን ከላይ ጥሎ።
«የደሴ ብርድ ለደረቴ አይሆንም» ይላል፤ እናቴ ግን ሌላ ትላለች፦
«ጃዋዋ ናት እንጂ ምክንያቱ፣ ደሴስ መች ቤት አጥታለች!»

ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።
ከጨርቃ ጨርቅ ፈረቃ ወጥቼ፣ የጥጡ ብናኝ ከፀጉሬ ሳይረግፍ፣
ጋራዥ በምንለው ቆርቆሮ ሥር፣ አምፖል ከሽቦ ላይ ሰቅዬ
ፈታኋት፤ ቡሎኑን ከዳዶው፣ ፋሻውን ከፒስተኑ ነጥዬ።
ጓርኒሲዮኑ የደብተር ልባስ፣ የኔው ደብተር፣ የአራተኛ ክፍል፤
ስሜ «ዘም» ይላል፣ ሌላው «ዘም» ከብረቱ አልላቀቅ ሲል።
የካቴናው ማያያዣ ሚስማር ነው፣ በመዶሻ የተጠማዘዘ፤
የፍሪሲዮኑን ገመድ ያሰረው ሽቦ ከቆጣሪ ማሸጊያ የተመዘዘ።
(ሌባ! አልኩት፣ ያን የመንግሥት እስክሪብቶ እንኳ ቤት የማያስገባ ሰው።)
«እንደ አዲስ ናት፣ ወጪ የላትም» ይለን የነበረው ሰውዬ
በሚስማርና በደብተር ነበር ያቆያት፤ ያየሁት እኔ ብቻዬ።

ለፋሻ ደሴ ወጣሁ፣ ጋሽ አጥናፉ ሱቅ፣ ፒያሳ።
«የጃዋ ዕቃ? ነጂውም አልቋል» እያሉ አወረዱ አንድ ጣሳ።
«የማን ልጅ ነሽ?»
የሙሄ።
መነጽራቸውን አወለቁ።
«ሙሄ የሁለት ፋሻ ዕዳ አለበት።»
የአራት ከፈልኩ። ደረሰኝም አልጠየቅሁበት።

ሁሉን በአዲስ ተካሁ፤ ሚስማሩን ግን መለስኩት፣
አንዋር እያጉረመረመ፣ በመዶሻው ጀርባ አጠበቅኩት።

ሰኔ ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ ስረግጣት በአራተኛው ላይ
ተነሣች፤ ሰማያዊ ጭስ፤ ሰፈሩ ወጣ ጉድ ሊያይ።
እናቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ «ይሄ የምን ጩኸት ነው?» አለች።
የአባዬ ጃዋ ናት፣ እማ!
«አይደለችም» አለች።
«ሙሄ ድምፅ አልነበረውም።
ንጋት ላይ እናንተ እንዳትነሡ እስከ አስፋልቱ ይገፋታል፤
ማታ ሐረጎ አናት ሲደርስ ለቤንዚኑ ሲል ያጠፋታል፤
ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ በቁልቁለቱ፣ እስከ በራችን።
እኔ የምሰማው ጠጠሩን ነው።»
ገባች። ወጡ እንዳያርባት።

ዘጠኝ ወር ለድምፅ ስለፋ
ለካ ሰውየው ያለው ድምፁ ሲጠፋ።

በማግስቱ ከፈረቃ በኋላ ሽቅብ ነዳኋት፤
እየጮኸች፣ እየተንተባተበች፣ በሁለተኛ ማርሽ አወጣኋት።
አናቱ ላይ ጉም ነበር። ቁልፉን መለስኩ።
መጀመሪያ ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ ነፋሱ፤
ከዚያ የሆነ ቦታ የከባድ መኪና ፍሬን፤ ከዚያ የገዛ እስትንፋሴ።
በአምስተኛው ጥምዝ ላይ ጉሙ ተከፈተና ከታች
ኮምቦልቻ በመብራት ተዘርግታ ታየች፤
አባቴ ቢሆን፣ ከዚህ ሆኖ ቆጣሪዋን ያነብ ነበር።

ከፍሬኑ ጋር እየተደራደርኩ ወረድኩ፤
መንደራችን መግቢያ ላይ ልትቆምብኝ ስትል በእግሬ መሬቱን ገፋሁ፣ ትንሽ፣ እንደ ጀልባ።
ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።
«አመሸህ» አለች እናቴ፤
አላረመችውም።
እኔም አላረምኳት።