የሰው ፋሲካ

ከፍቼ ቁልቁል፣ ከጀማ አፋፍ ላይ፣
ግማሿ ድንጋይ፣ ግማሿ ሰማይ፣
አንዲት ጸሎት ቤት አለች፤
በመንገደኛ አፍ «የፖርቱጋል» ተባለች።
ጠባቂዋ ጥላዬ ግን በዚህ ስም አይጠራትም፤
«እንጦንስ» ነው የሚላት፣ ሌላውን አይሰማም።
ቁልፍ አልያዘም፤ በር የላትም።

በምሥራቁ ግድግዳ፣ ዝናብ ከበላው ሥዕል፣
ቅዱሱ ቆሞ ለዓሣ ይሰብካል።
ሠዓሊው ባሕር ናፋቂ ነበር መሰል፣
ሰማያዊውን ቀለም ለውኃው ጨርሶት፣
ለሰማዩ ሲደርስ ቀይ አፈር ቀባበት።
ዓሣዎቹን ግን ቀርቤ ሳያቸው
ጢም አላቸው።
አምባዛ! የጀማ አምባዛ፣ አፉን የከፈተ፤
ባሕረኛ ይህን የት ያውቃል?
የትኛው የሰፈር ልጅ ነው ብሩሹን የጎተተ?

ኖራው በእንቁላል ተመትቶ ነው አሉ የተለሰነው።
የግንበኛው ስም፣ በባዕድ ፊደል፣ ከጉበኑ ላይ ነው፤
የነወለተ ኪሮስስ የት ነው?
በሁዳዴ፣ ከጭድ ሥር ያኖሩትን
ቆጥረው አስረከቡ፤
የቆጠረ የለም እነሱን።

ጥንካሬውን ልፈትን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው፣
ጥላዬ እጄን ያዘው፦
«ተው ልጄ፣
የሰው ፋሲካ ነው።»