ቁጥር አርባ አንድ

ያልተሰበረ እግር በጀሶ ሲታሰር
ሳቄ አምልጦኝ ነበር።
ዊሌማይን አልሳቀችም፤ እርጥቡን ፋሻ ጠቀለለች፣
ከቁርጭምጭሚቴ ተነስታ ጭኔ ድረስ ወጣች።
«ሰርቫስ፣ አሥራ አራት ቀን ነው፤ በግራህ መሬት እንዳትረግጥ» አለች።

ዳኛ ያልፈረደው፣ በፈቃድ የገባሁበት
የነጭ እግር ብረት።
ለጥናት ነው፤ ይከፍላሉም፤ ለፊን አዲስ ምድጃ ይወጣዋል።
የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ አልጋ ላይ ቀርቶኛል።

አባቴ ማቲው፣ የከሰል ቆፋሪ፣
ጀርባው የጨለማ ጣሪያ አሳዳሪ፣
ምድርን ከሆዷ የፈለፈለ፣
አንድ ቀን «ደከመኝ» ያላለ፣
በሰባ አምስት ዓመቱ መታጠቢያ ቤት አዳለጠው።
ዳሌው ተሰበረ፤ ሐኪም ጠገነው።
አጥንቱ ገጠመ። ፎቶው ላይ ስፌቱ ያምራል።
«ይነሳ» አሉ በአርባኛው ቀን፤ በምኑ ይነሳል?
ባቱን ብጨብጠው
መዳፌን አልሞላው።
መጀመሪያ ባቱ ሄደ፤ በመስከረም አባት ተከተለ።
ከ«አባት» ላይ «ባት» ሲነሳ
የሚቀረው «አ» ነው፣
አፍ ተከፍቶ የቀረ፣ ቃል ያልደረሰበት።

እና ቆርቆሮ ሰጡኝ። ስም የለውም፤ አርባ አንድ ይላል።
ነጭ ዱቄት ነው፣ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል፣
ጠዋትና ማታ በወተት ይበጠበጣል።
ፕሮቲን ይሁን ተራ ስታርች
እኔም አላውቅ፣ የሰጠችኝም አታውቅ፤
የሚያውቀው ካዝና ውስጥ ያለ አንድ ፖስታ ነው።
ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ፖስታ አመላለስሁ፣
ውስጡን ሳላውቅ፣ በዝናብ፣ በብስክሌት፤
ዘንድሮ የታሸግሁት እኔው ሆንሁ።
ፊን በጣቷ ቀመሰችና «ይሄማ የኬክ ዱቄት ነው» አለች።

በሦስተኛው ቀን በጀሶውና በጭኔ መካከል
እርሳስ አይገባም ነበር።
በዘጠነኛው ቀን ሁለት ጣቴ ገባ።
ቤቱ እንደቆመ ነው፤ ተከራዩ ግን ዕቃውን ሌሊት ሌሊት
እያወጣ ነው፣ ኮቴ ሳያሰማ።
ቀኝ እግሬ ብቻዋን አሥራ ሁለት ደረጃ ትወጣለች፣
ማታ ማታ ትነዝረኛለች፣ እንደ ታላቅ እህት ታጉረመርማለች።
እኔ ግን ዱቄቴን ጠጣሁ፤ አንዲት ማንኪያ አላጎደልሁም፤
ለአባቴ ዘግይቶ የደረሰ ወተት ነበርና የምጠጣው።

መጋዙ ጮኸ። ጀሶው ለሁለት ተከፈለ።
ከውስጡ የወጣው እግር የኔ ነው ለማለት አፈርሁ፤
የገረጣ፣ የተቀፈቀፈ፣ የሌላ ሰው ሽታ ያለው።
በመርፌ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ወሰዱ፣
ሜትሩን ጭኔ ላይ ጠመጠሙ፣ ጻፉ፣ ደግመው ለኩ።
ጎድሏል።
«ዱቄቱ አልሠራም ማለት ነው?» አልኋት ሐኪሟን።
ወጣት ናት፤ ለመዋሸት ገና አልለመደችም።
«ሥራ የፈታ ጡንቻ» አለች፣ «ማዕድ ቢቀርብለትም
እጁን አይዘረጋም።»
ገባኝ። በር አንኳኩተህ ማንም ሲያጣ
እሽጉን ይዘህ እንደመመለስ ነው።

ፖስታው በሚያዝያ መጣ፤ አዲሱ ልጅ ነው ያደረሰው፣
ጠርዙን አጥፎታል፤ በእኛ ጊዜ አይደረግም።
አርባ አንድ፦ ፕሮቲን።
ከጎኔ የነበረችው የአበባ ሻጯ ክሪስተል፣ ስታርች።
ጭናችን የጎደለው ግን ያው ነው፣ በግማሽ ሳንቲም ተለያየን።
ፊን ዛሬም የኬክ ዱቄት ነው ትላለች።

እሁድ ጠዋት የማዕድኑ ጥራጊ የተከመረበት ጉብታ ሄድሁ፤
አባቴና ጓዶቹ ከታች አውጥተው የቆለሉት
ዛሬ ሣር አብቅሏል፣ ለሽርሽር መንገድ ተሠርቶለታል።
ሦስት አግዳሚ ወንበር አለው።
የመጀመሪያው ላይ ግራ እግሬ ተንቀጠቀጠች፤ ተቀመጥሁ።
ሁለተኛው ላይ ተቀመጥሁ።
አንድ ውሻ አልፎኝ ወጣ፣ ባለቤቱም ተከትሎ፣
«አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለኝ።
ትንሽ አይደለም።
ግራዬን አስቀደምሁ።