የሐሙሱ ጋዜጣ

ዱዋርነኔ ወደብ፣ ከሰርዲን ፋብሪካው ጀርባ፣
ሁለት ክፍል ነበረን፣ ዝናብ በጣሪያው የሚገባ።
በአንዱ ሚኒቴል ተደርድሮ፣ በአንዱ የእኔ ማተሚያ፤
ያኛው ገንዘብ ማምጫ፣ ይኼኛው ሕግ ማለፊያ።

መንግሥት ከስልክ የሚሰካ መስኮታም ሳጥን ሲያድል፣
ወፍራሙን የስልክ ማውጫ ከየጠረጴዛው ሊያስጥል፣
ጋዜጦቹ ደነገጡ። "የቤት ኪራዩ፣ የላሟ ሽያጭ፣
ማስታወቂያችን ሁሉ በሽቦ ሊሄድ ነው" አሉ፤
ጮኹ፤ ጮኸውም አልቀሩ፣ ደንብ አስወጡ፦
ጋዜጣ የሌላቸው ሰዎች በመስኮቱ ገጽ እንዳይሸጡ።

አለቃዬ ግዌኖሌ፣ ሕግን እንደ ዓሣ የሚበላ፣
እሾሁን በጥርሱ ለይቶ ከሰሐኑ ጥግ የሚጥል፣
"ጋዜጣ ካሉ እንስጣቸው" አለኝ፤
"አዜኖር፣ አራት ገጽ ይበቃል።"

አራት ገጽ! የሽንኩርት ዋጋ፣ የቀብር ሰዓት፣
ካለፈው ዓመት የቀዳሁት የባሕር ሙላትና ጉድለት።
ሦስት መቶ ቅጂ፣ ሐሙስ ሐሙስ። ዓሣ ሻጯ ሴት
ማኬሬል ትጠቀልልበታለች፣ ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅለት።

ገንዘቡ ወዲያ ነው፣ ከግድግዳው ማዶ።
ደቂቃ እንሸጣለን፤ ገጹ መስመር በመስመር ወርዶ
እስኪሞላ ሰው ይጠብቃል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፤
ስልክ ቤቱ ድርሻውን ያነሣል፣ የተረፈው ለእኛ ይቀራል።
"ሰላምታውን አርዝሙት" ይላል ግዌኖሌ ለልጆቹ፣
"መርከብም ሣሉበት፤ ቀስ ብለው ይውጡ ሸራዎቹ።"
ለካ ዝግታም ይሸጣል።
እኛ ቤት እንቅፋት ራሱ ይመነዘራል።

በመጋቢት ከፓሪስ ተቆጣጣሪ መጣ፣ ሙሴ ቫሽሮ፣
ጃንጥላው እርጥብ፣ ብዕሩ ደረቅ።
ጋዜጣዬን በሁለት ጣቱ አንሥቶ
"ይህን ማን ያነበዋል?" አለ።
ግዌኖሌ ሳቁ ጠፋው።
እኔ መሳቢያ ከፈትሁ፤ አንዲት ደብዳቤ፣ በእርሳስ የተጻፈች፦

"የሐሙሱ ሰንጠረዥ ውሸት ነው። ልጄ በእናንተ ሰዓት
ጀልባውን ሊያወጣ ሄደ፤ ውኃው አልመጣለትም፤
ጭቃ ላይ አደረ። ዳግም እንዳይሆን።
የከርሞውን ክፍያ ልኬያለሁ።
አናይግ ለ ጎፍ፣ ትሬቡል።"

ሁለት ጊዜ አነበባት።
"አንባቢ አለው" አለና ማኅተሙን መታ።

ያን ምሽት ወይን ተከፈተ፣ ልጆቹ ጨፈሩ፤
እኔ ፋኖስ ይዤ ወረድሁ፣ ወደ ባሕሩ፤
የእጅ ሰዓቴን እያየሁ
ውኃው የደረጃውን ጫፍ እስኪነካ ጠበቅሁ።
ለዚህኛው ዝግታ
ማንም በደቂቃ አልከፈለኝም።