ዋጋ አልባ

ከዶሮ ማነቂያ ቁልቁል፣ ቤት በፈረሰበት፣
ነጭ ድንኳን ቆመ ለምክር ቤት ምርጫ ዕለት።
ላዳውን አቁሞ አንድ ሾፌር ወረደ፤
«ማን ሞቶ ነው?» አለ፣ ከንፈሩን መጠጠ።
ምርጫ ነው አልነው፤ ይቅርታ ብሎን ሄደ።

ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል።
ቁጥር ያውቃል ተብዬ መዝገቡ ደረሰኝ፣
ገጽ በገጽ ገልጬ ስም ከቤት ላስተያይ።
ቤት ቁጥር መቶ አርባ፤ አሁን ንጣፍ ድንጋይ።
መቶ አርባ አንድ፤ የብስክሌት መስመር።
መቶ አርባ ሁለት፤ ባለ አምፖል ዘንባባ፣ ፕላስቲክ ነው መሰል፣
ማታ ሲበራ ብቻ ቅጠል የሚያበቅል።

ቤቶቹ የሉም። ስሞቹ ግን ሞልተው
መጡ በየታክሲው፣ በሌሊት ተነስተው፤
ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ገና ስም ካልወጣለት ሰፈር፤
ተሰለፉ እንደ ድሮው፣ እንደ ቦኖው ሥር።

ለመምረጥ ብቻ እንዳልመጡ ያስታውቃል።
ሳይመርጡ ይሳሳማሉ፣ መርጠውም አይሄዱም፤
«ወፈርሽ!» «አንተ ግን ከሳህ!» «ልጁስ ሥራ ያዘ?»
ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ደረሰኙን ይዞ
ሰልፉን ላይ ታች እያለ የስድስት ወር ውዝፍ ሰበሰበ።
ታዛቢዋ «እዚህ ክልክል ነው፣ ምርጫ ነው» ብትለው፣
«ይሄማ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው!» አለ፤ መሰብሰቡን ቀጠለው።

ሸምሲያ ኑርሰፋ፣ የግል ተወዳዳሪ፣ ምልክቷ መሰላል፣
አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ «ቤቱ ይፍረስ ይባላል፤
እሺ፣ ይፍረስ። ሰዉን ግን አትበትኑት፤
እንደ ነበረ፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ላይ ውሰዱት።»
ከሷ ፊት የቆመው ምልክቱ ወንበር፣
ማይክ የጫኑ መኪኖች፣ የሚታደል ቲሸርት ነበር።

ማታ ኮሮጆው ተከፈተ።
መብራት ጠፋ፤ በስልክ ብርሃን ቆጠርን።
ወንበር አራት መቶ አስራ ሁለት፣
መሰላል ዘጠና ስድስት፤ በላስቲክ አሰርን።
ሠላሳ ሰባት ቀሩ። ወይ ምልክት የለም፣
ወይ ሁለቱም ጋ አለ፣ ወይ ስድብ በቀለም።
አንዱ ግን በድሮ ትምህርት ቤት ቁም ጽሕፈት፣
ከመሰላሉና ከወንበሩ መሃል፣ በጠባቧ ጠርዝ፣
«ዝማም፣ የት ገባሽ? ስልክሽ አይሠራም።
መርሻ ነኝ፣ አለሁ» ይልና፣ ከሥሩ አስር አሃዝ።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ መራጩን የሚያሳውቅ ማንኛውም ጽሕፈት
ድምፁን ዋጋ ያሳጣል። ማኅተሙን አነሳሁ፣ መታሁበት።

ግን ዝማምን አስታውሳለሁ። ጠዋት፣ ሰልፉ ገና ሳይረዝም፣
አውራ ጣቷን ቀብተናት፣ እጇን በአየር ላይ ይዛ፣ አልሄድም
አለች፤ «መርሻ የሚባል፣ ፀጉር አስተካካይ፣ መጥቶ ነበር?»
«ቀጥይ እናቴ፣ ሰልፍ አትዝጊ» አልኳት፣
ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት።
እሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። ያው ድንኳን፣ ያው ብዕር።
አድራሻዋን ፈለግኩ በስልኬ ብርሃን፣ ስሟ ጎን ባይ
ቤት ቁጥር መቶ አርባ ይላል፤ ንጣፍ ድንጋይ።

ሊነጋጋ ሲል ውጤቱን ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ለጠፍን።
ሸምሲያ መጣች፤ በጣቷ እያስኬደች ደመረች፤
«ልክ ነው። ወንበሩ ወንበሩን አገኘ» አለች።
ነጠላዋን አስተካክላ ልትሄድ ካለች በኋላ፣
«ዋጋ አልባዎቹስ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።
ሚስጥር ነው አልኳት። ምያለሁ።

የጥፍሬ ቀለም በሁለተኛው ሳምንት ለቀቀ።
ምክር ቤቱ ተቀመጠ፣ እጅ ወጣ፣ የሆነ ነገር ጸደቀ።
ያ ስልክ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።
ምሳሌ ልስጥ ስል እጄ ቀድሞኝ
ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፣ አስሩንም፣ ሳይሳሳት፤
ልጆቹ «ቲቸር፣ ለስንት ይካፈል?» ሲሉ ነው
ዳስተር የምፈልገው።